ጭላዳ ፊት ቆመን የጠየቅናት ሙሽራ

ከሆላንድ ከተመለስኩ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ በሰላም መንገድ መሄድ አልቻልኩም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እንኳ ሐዘንተኛው እንባውን ጠርጎ «ጋሽ ወርቅነህ፣ እስቲ ያን አገር አጫውቱን» ይለኛል። የእድር ሊቀመንበር ስለሆንኩ ጠያቂ አሳፍሬ መመለስ አይገባኝም፤ እውነቱን ለመናገር ዝም ማለትም አልችልበትም። ችግሩ አንዱ ጋ ያወራሁት ሌላው ጋ ሲደርስ ተለውጦ ነው የሚጠብቀኝ። ባለፈው ሰሞን አንድ ሰው ሆላንድ ውስጥ ከዝንጀሮ ጋር ታስሬ እንደነበር ሰምቶ አጽናንቶኛል። ስለዚህ ነገሩ እንደሆነው ይጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። የእህቴ የአስካለ ልጅ ዳዊት አምስተርዳም ይኖራል፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ይሠራል። ሮተርዳም ተወልዳ ያደገች ሶስና የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። አባቷ አቶ ዘውዱ ግን «ልጄን በስልክ መልእክት አልድርም። ዘሩን የሚያውቅ የሥጋ ዘመድ ከአገሩ ይምጣና ይጠይቀኝ» ብለው ቁርጡን ነገሩት። አስካለ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ያላት ይህ አንድ ልጅ ነው። «ዳዊቴ በሰው አገር ብቻውን ሊያረጅብኝ ነው» እያለች እንቅልፍ አጣች።

እኔ ደግሞ በሽምግልና ሄጄ እምቢ ተብዬ አላውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ቢሆንም ለትንሽ ነው። በወጉ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ «እናስብበት፣ ተመለሱ» ይባላል። የእኔ ቪዛ ግን መመላለስ የሚያስችል አልነበረም። ቅዳሜ መመለሻዬ ነው፤ አንዴ ሄጄ በዚያችው እሺ ማሰኘት ነበረብኝ።

ሰኞ

ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ተነሣን። አስካለ ቦሌ ድረስ ልትሸኘኝ አጠገቤ ተቀምጣ የዳዊትን የአባቱን ወገን ሰባት ቤት ትቆጥርልኛለች። «ያዝ እንግዲህ፤ ዳዊት አሰፋ፣ አሰፋ ወልደየስ፣ ወልደየስ ክፍሌ…» እኔ በዚህ ጊዜ ከረዳቱ ጋር ጠብ ላይ ነበርኩ። ሁለት ከባድ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ይዣለሁ፤ አንዱ ለዳዊት፣ ሌላው ለሙሽራዋ አባት። ረዳቱ «ጣሪያ ላይ ልጫነው» ይላል፤ እኔ ለአማት የሚሰጥ ብርድ ልብስ አቧራ አይነካውም እላለሁ።

«ሰማኸኝ ወይ?» አለችኝ አስካለ።

«አንቺ እኔን ዘር መቁጠር ልታስተምሪኝ ነው?» አልኳት። ይህችን መልስ ሮተርዳም ላይ አስታውሻታለሁ።

ቦሌ ስንደርስ ሻንጣዬ ከተፈቀደው በላይ ከበደ። ሠራተኛዋ በትሕትና «አባቴ፣ አንዱን ያውጡት» አለችኝ። አወጣሁና ለበስኩት። ከጋቢዬ በላይ ብርድ ልብስ ደርቤ አውሮፕላኑ ውስጥ ስገባ አስተናጋጇ የታመምኩ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ፤ ትንሽ ቆይታ ተመልሳ ግንባሬን ነካች። እውነትም ላብ አጥምቆኛል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ እስክንወርድ ድረስ ትንፋሹን ቆጥቦ ነው የተጓዘው። ብድግ ስል «እግዚአብሔር ይማርዎ» አለኝ።

ማክሰኞ

አምስተርዳም አውሮፕላን ማረፊያ ዳዊት ሲያየኝ መጀመሪያ በብርድ ልብሱ ሳቀ፣ ቀጥሎ አቀፈኝና አለቀሰ። ከዚያ ወደሚኖርበት ቢልመር ሰፈር በባቡርና በሜትሮ ሄድን። በመስኮት የማየው አገር ሁሉ ሜዳ ነው። የጣርማ በርን ገደል ለለመደ ሰው ዓይን ማረፊያ የለውም። ላሞቹ የእኛን ሁለት ያህላሉ፤ እረኛም አጥርም የላቸው፣ በቦይ ውሃ ነው የተከለሉት። ሰዎቹም እንደ መሬቱ ናቸው፤ የሚያስቡትን ሳይጠመዝዙ ፊት ለፊት ይናገራሉ።

ከሜትሮው ወርደን ፎቆቹን ቀና ብዬ ሳይ ቀይ መንገድ ላይ ቆሜ ኖሯል። አንዲት ሴትዮ በብስክሌት እየመጣች ደወሏን ደወለችልኝ። ሰላምታ መስሎኝ ባርኔጣዬን አንሥቼ እጅ ነሣሁ። ሌላውም መጥቶ ደወለ፤ ለእሱም እጅ ነሣሁ። ምን ያለ እንግዳ አክባሪ ሕዝብ ነው እያልኩ ሳለሁ ዳዊት በክንዴ ጎትቶ አወጣኝ። «ጋሼ፣ የብስክሌት መንገድ ነው፤ ልቀቅ ነው የሚሉት!» አለኝ። ያም ሆኖ አንደኛዋ ሴትዮ ዞር ብላ በእጇ ሰላም ብላኛለች፤ እሱን ማንም አይወስድብኝም።

ምሳ ተብሎ የቀረበልኝ ዳቦ ነው። ዳቦው ላይ ቅቤ ተቀብቶ፣ ቅቤው ላይ ደቃቅ ቸኮሌት እንደ ጥቁር አዝሙድ ተነስንሶበታል። «እዚህ አገር ምሳ ቀዝቃዛ ነው» አለኝ ዳዊት፣ የሚያፍርበት ነገር እንደሌለ ሁሉ። የአስካለ ልጅ ይህን እየበላ ነው የከረመው። ጉዳዩ ምን ያህል አስቸኳይ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ደግነቱ ፊት ለፊት የምትኖረው ጋናዊት ጎረቤቱ መምጣቴን ሰምታ ሩዝ በዶሮ በድስት ይዛ ገባች። የምትለውን ባላውቅም ዳዊትን እየተቆጣችው መሆኑ በደንብ ገባኝ፤ እኔም በአማርኛ አገዝኳት።

ለዳዊት ያመጣሁለት ብርድ ልብስ ግን አልተሳካም። ቤቱ በማሞቂያ እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል። ልጁ እንዳይከፋኝ ብሎ ሶፋው ላይ አነጠፈውና ተቀመጠበት።

ከበላን በኋላ «ጋሼ፣ አቶ ዘውዱ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት አፍስፕራክ እንያዝ» አለኝ።

«ምን እንያዝ?»

«ቀጠሮ። እዚህ እናት እንኳ ልጇ ቤት ስትሄድ ቀጠሮ ትይዛለች።»

«በቀጠሮ የሚኬደው ሐኪም ዘንድ ነው» አልኩት። «ሽማግሌ በማለዳ ሳይታሰብ ይደርሳል፣ ሰውየውን ቤቱ ሳለ ያገኘዋል፣ አለቀ።»

ዳዊት አረጋውያን መጦር እንጀራው ስለሆነ ከሽማግሌ ጋር አይከራከርም።

ረቡዕ

ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም፤ ሦስት መሆን ነው ወጉ። አብሮን ሊሄድ የነበረው፣ ስሎተርቫርት ሰፈር የሚኖረው የዳዊት ወዳጅ ፈረቃው ተቀይሮበት በማለዳ «ይቅርታ፣ አልችልም» ብሎ መልእክት ሰደደ። የቀሩን ዘ ሄግ የሚኖሩት አቶ ብርሃኑ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ደጃቸው ድረስ ሄደው ሳይለምኗቸው ስለማይሆን ተነሥተን ሄድን።

ባቡር ጣቢያው በር ላይ ካርድ ይነካል፤ «ጢጥ» ይላል፤ ይገባል። እኔ መጮሁን እርግጠኛ ለመሆን ደግሜ አስነካሁት።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ወጡ!» አለኝ ዳዊት ደንግጦ።

«የት ወጣሁ? እዚሁ ቆሜያለሁ አይደል?»

ለካ ሁለተኛው ጢጥ መውጫ ነው። ይህን ለማስተካከል ከአንዲት የጣቢያ ሠራተኛ ጋር ስንነጋገር የመጀመሪያው ባቡር ሄደብን። ሴትዮዋ ግን አልተቆጣችም፤ ቀጣዩ ባቡር ላይ ድረስ ሸኝታን፣ ካርዱን ከእጄ ወስዳ የደረት ኪሴ ውስጥ ከታ መታ መታ አደረገችልኝ። ለልጅ እንደሚደረገው ነው፤ ቅር አላለኝም።

ዘ ሄግን ዳኞች ስላሉባት በሬዲዮ ስሟን እሰማ ነበር። አቶ ብርሃኑ ድሮ በስደት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ አንድ መሥሪያ ቤት እንግዳ መቀበያ ላይ የሚሠሩ ሳቂታ ሰው ናቸው። ከሳቃቸው ሌላ የሚታወቁት በጉልበታቸው ሕመም ነው። «እሺ፣ ለነገ ፈቃድ ወስጃለሁ» አሉኝ ገና ሳልጨርስ። «ግን ለስንት ሰዓት ነው የምንቆመው?»

«በእኛ አገር ሽማግሌ ‹ቁጭ በሉ› እስኪባል ቆሞ ነው የሚጠይቀው» አልኳቸው። «‹ቁጭ በሉ› ከተባልን ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። እስከዚያ አንቀመጥም፣ እህል ውሃም አንቀምስም።»

«ካልተባልንስ?»

«እኔ ባለሁበት ሳንባል ቀርተን አናውቅም» አልኩ። ጉልበታቸውን አሻሹ።

እንግዳ ሳላበላ አልሰድም ብለው ወደ ባሕሩ ዳር ወሰዱን። ያዘዙልኝ ጥሬ ዓሣ ነው፤ ጭራው ተይዞ፣ ሽንኩርት ተነስንሶበት፣ አንገት ወደ ላይ ተቀንቶ የሚዋጥ። «ቁርጥ የሚበላ ሰው ይህን ይፈራል?» አሉኝ። አልፈራሁም፤ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው አልኳቸው። «ዓሣ እኮ አያስገድፍም» አሉ። እኛ ሰፈር ያስገድፋል አልኩ። ስለዚህ ነገር ዓሣውን በእጃቸው እያወዛወዙ ሲከራከሩኝ አንድ ትልቅ ነጭ የባሕር ወፍ ከበላያችን ወርዶ ከነሽንኩርቱ ወሰደው። በዳኞች ከተማ ፍርድ ሲሰጥ እንዲህ ነው አልኳቸው። በሕይወቴ ረቡዕ በመሆኑ የተደሰትኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐሙስ

በማለዳ ሮተርዳም ደረስን። ዳዊት የሚጠየቅለት ሰው ስለሆነ ባቡር ጣቢያው ቀረ፤ ፊቱ ነጥቷል። እኔና አቶ ብርሃኑ ነጫጭ ጋቢያችንን ለብሰን፣ እኔ ለአማት የመጣውን ብርድ ልብስ ታቅፌ፣ በትራም ሄድን። ደወሉን ስንደውል በሩን የከፈተችው ሙሽራዋ ራሷ ናት፤ ፀጉሯ በፎጣ ተጠቅልሏል፣ የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ ነው።

በእኛ ወግ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ ጓዳ ትገባለች። ሶስና ብሩሹን ከአፏ አወጣችና «ኦ! አንተ የዳዊት አጎት ነህ አይደል? ፎቶህን አይቻለሁ! ግቡ፣ ግቡ!» አለችን። አንተ ያለችኝ ንቃኝ እንዳልሆነ ዳዊት አስቀድሞ ነግሮኛል፤ እዚያ ያደጉ ልጆች እርስዎ ማለቱ አይመጣላቸውም። ቢሆንም ሰውነቴ እስኪለምደው ጊዜ ወሰደ።

«አባትሽ አሉ?» አልኳት፣ እንዳላየኋት ለመምሰል ወደ ጣሪያው እያየሁ።

«የለም፣ ሥራ ሄዷል። ዛሬ የትምህርት ቤት ልጆች ይመጡበታል። ለምን አልደወላችሁም?»

አቶ ብርሃኑ ወደ እኔ አዩ። እኔ ብርድ ልብሱን አየሁ።

«በሉ ግቡና ተቀመጡ፣ ሻይ ላፍላ።»

«ልጄ፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም፣ ሻይም አንጠጣም።»

ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው እኔ ልውሰዳችሁ፤ ሥራ የምገባው ከሰዓት በኋላ ነው» አለች። እንዲህ ሆኖ የምትጠየቀዋ ልጅ ራሷ ሽማግሌዎቿን እየመራች ወሰደችን፤ ብስክሌቷን እየገፋች፣ ብርድ ልብሱን ከኋላ ጭና። ይህን ለእድሩ ሰዎች ስነግር ያመነኝ የለም።

አቶ ዘውዱ የሚሠሩት መካነ እንስሳት ነው፤ እነሱ ዲረንታይን ይሉታል። ሥራቸው ለልጆች ስለ እንስሳቱ ማስረዳት ነው። አረንጓዴ ጃኬት የለበሱ፣ ቀጠን ረዘም ያሉ ሰው አንድ ሰፊ ሣርና ድንጋይ ያለበት ቦታ ፊት ቆመው አገኘናቸው። ከበስተኋላቸው ሣሩ ላይ የተቀመጠውን ሳይ ሽምግልናዬን ረስቼ «ጭላዳ!» ብዬ ጮህኩ።

ለደብረ ብርሃን ሰው ጭላዳ ማለት በአንኮበር መንገድ ላይ በአውቶቡስ መስኮት የሚታይ የገብስ ሌባ ነው። ወርጄ አይቼው አላውቅም። እዚህ ስም አለው፣ የግል ሐኪም አለው፣ ሕፃናት በመስታወቱ በኩል ይስሙታል። እኔ ለቪዛ ያየሁትን መከራ እሱ አላየም።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ፤ «አቶ ዘውዱ፣ የመጣነው ለመልካም ነገር ነው። ልጅዎን ለልጃችን…»

«ቤቴ ሄዳችሁ ነበር?» አሉኝ።

«ሄደን ነበር።»

«ሳትደውሉ?» ልጃቸውን አዩዋት። ሶስና ድንገት ጭላዳዎቹን በጥሞና መመልከት ጀመረች። አቶ ዘውዱ «ቁጭ በሉ» አላሉም። አቶ ብርሃኑ አጠገባቸው ያለውን ባዶ አግዳሚ ወንበር በናፍቆት አዩት።

«ይህ ጎፈሬው ከጀርመን አገር የመጣ ነው» አሉ አቶ ዘውዱ ትልቁን ወንድ እያሳዩ። «ዝም ብሎ አልመጣም። በየአገሩ መካነ እንስሳት ያለ ጭላዳ ሁሉ ዘሩ ይቆጠራል፤ አባቱ ማነው፣ አያቱ ከየት ናት ተብሎ ይጣራል። ዘመዳሞች ከተጋቡ ግልገሉ ይደክማል። ስለዚህ የዚህኛው ቤት ወንድ ለዚያኛው ቤት ሴት ይሁን ብለው የሚያጋቡ ባለሙያዎች አሉ። ሽያጭ የለም፤ ቤት ለቤት መሰጣጣት ነው።»

«ይሄማ ሽምግልና ነው!»

«ነው እንጂ። እንግዲህ ጭላዳ እንኳ ዘሩ ሳይቆጠር አይጋባም። የልጁን ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝ።»

ደረቴን ነፍቼ ጀመርኩ። «ዳዊት አሰፋ፣ አሰፋ ወልደየስ፣ ወልደየስ ክፍሌ፣ ክፍሌ ደምሴ፣ ደምሴ ሀብቴ፣ ሀብቴ…» ስድስተኛው ላይ ስደርስ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው የሚኒባሱ ረዳት ብቻ ሆነ። የአስካለ አፍ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ድምፅ የለውም። «ሀብቴ ተክለጊዮርጊስ» አልኩ። ተክለጊዮርጊስ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነው፤ ባለፈው ወር አብረን ሻይ ጠጥተናል። ሰባተኛውን አስታውሼ በትክክል ዘጋሁት። አቶ ዘውዱ ረጅም ጊዜ አዩኝና «እህ» አሉ። «እህ» የሚለውን መልስ በሽምግልና ዘመኔ ሰምቼው አላውቅም።

በዚህ መሐል ቢጫ ሰደርያ የለበሱ የትምህርት ቤት ልጆች እየተንጫጩ መጡ። መምህራቸው ጋቢያችንን አይታ አቶ ዘውዱን አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። እሳቸው በደችኛ መለሱላትና ወደ እኔ ዞሩ። «ከጭላዳዎቹ አገር እንግዶች መጥተውልናል ብያቸዋለሁ። ልጆቹ ጥያቄ አላቸው። ሶስና ታስተረጉምልዎታለች» አሉኝ። ጢማቸው ሥር ፈገግታ ያየሁ መሰለኝ። «አላውቅም» የሚባለው ቃል ደግሞ ለእድር ሊቀመንበር አልተሰጠም።

አንዲት ትንሽ ልጅ ወንዱ ጭላዳ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ነገር ምንድን ነው አለችኝ። «ብርድ ነው» አልኩ። የደብረ ብርሃን ብርድ ምን እንደሚመስል፣ ሰውም ደረቱን ሳይሸፍን ከወጣ እንደሚቀላ፣ ብርድ ልብሱን ከብስክሌቱ አንሥቼ እያሳየሁ አብራራሁ። ሶስና በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። አቶ ብርሃኑ ከጎኔ አሳላቸው።

የት ነው የሚተኙት አለ ሌላው። «ዛፍ ላይ» አልኩ፤ ዝንጀሮ ሌላ የት ይተኛል? ሶስና በዚህኛው ብዙ ቆየች። እጇን ከላይ ወደ ታች ቀጥ አድርጋ አወረደችው፣ ቀጥሎ ጉንጯን መዳፏ ላይ አስተኛች። ልጆቹ «ኦ!» አሉ። ትልቅ ዛፍ ነው ያሳየቻቸው ብዬ ደስ አለኝ። አቶ ብርሃኑን ሳሉ ባሰባቸው።

ምን ይበላሉ ሲሉኝ «ገብስ፤ ለዚያውም የሰው» አልኩ። ሶስና በጣቶቿ ከመሬት ሣር የምትነጭ መሰለች።

የመጨረሻው ጠያቂ መነጽር ያደረገ ልጅ ነው። ጥያቄውን ሶስና ቀስ ብላ ነገረችኝ። «አገርህ ውስጥ ስላሉ ደስ ይልሃል ወይ? ነው የሚለው።»

መልስ ለመስጠት ወደ ጭላዳዎቹ ዞርኩ። አንዲት እናት ግልገሏን ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ በቂጧ ፈቀቅ እያለች፣ በሁለት እጇ ሣር ትነጫለች። እኛ አገር አረም የምታርም ሴት እንዲሁ ናት። ግልገሉ በትከሻዋ በኩል አንገቱን አውጥቶ እኔን አየኝ። በአውቶቡስ መስኮት ስንት ዓመት ሙሉ አልፌያቸው ሄጃለሁ። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

«ልብ ብዬ አይቻቸው አላውቅም» አልኩ።

ሶስና ዞራ አየችኝ። ይህችን ግን ቃል በቃል እንደተረጎመቻት ከአነጋገሯ አወቅኩ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ፤ አልሳቀብኝም። ከዚያ አቶ ዘውዱ ጀመሩ። ያ ከፍታ ቦታ ላይ ያለው ሣር ከታረሰ ጭላዳው ሌላ መሄጃ እንደሌለው፣ እዚህ ለመጎብኘት ከሚከፈለው ላይ እዚያ ሣሩን ለሚጠብቁ የአገሬው ሰዎች የሚደርስ እንዳለ፣ ሕፃናቱም እዚህ የሚመጡት አይቶት ለማያውቀው ነገር ማንም ስለማያዝን እንደሆነ ነገሯቸው። ይህን ሁሉ በአማርኛ ደግመው ነገሩኝ፤ ለእኔም ትምህርት ቤት መሆኑ ነው።

ልጆቹ አጨብጭበው ሲሄዱ አቶ ብርሃኑ የቆየ ሳቃቸውን ለቀቁት። እንባቸውን እየጠረጉ ነገሩኝ። «‹አጎቴ እንደሚሉት፣ ቀዩ ደረት የወንዱ ማዕረግ ነው፤ ሲበረታ ይደምቃል› ነው ያለቻቸው። ‹አጎቴ እንደሚሉት፣ ነብርና ጅብ እንዳይደርስባቸው ገደል ላይ ይተኛሉ› አለቻቸው። ‹አጎቴ እንደሚሉት፣ ከዝንጀሮ ወገን እንዲህ ሣር ግጦ የሚኖር እነሱ ብቻ ናቸው› አለች። አቶ ወርቅነህ፣ በደችኛ እርስዎን የመሰለ አዋቂ የለም!»

ሶስና የብስክሌቷን ደወል ታጸዳ ጀመር። አቶ ዘውዱ ግን አልሳቁም።

«ይህች ልጅ እኔን አባቷን በሰው ፊት ሳታርመኝ ውላ አታውቅም» አሉኝ። «አንድ ቃል ላጥፋ፣ ‹አባባ፣ ትክክል አይደለም› ነው። ዛሬ የእርስዎን ስህተት ሁሉ ተሸክማ፣ ‹አጎቴ› እያለች፣ አንዱንም ሳታሳጣዎት አለፈች። ‹አጎቴ› ስትል ሰምተዋል?»

«በደችኛ አልሰማሁም» አልኩ።

«እኔ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ሄዳለች፤ ምን ቀረኝ?» ቀጥለው ግን ጣታቸውን ቀሰሩ። «አንድ ነገር ብቻ። ስድስተኛው ማነው? ያንን ሰው ከየት ነው ያመጡት?»

መዋሸት አልቻልኩም፤ ገንዘብ ያዡም በዚህ ዕድሜው አያት መሆኑን ቢሰማ ደስ አይለውም። ስልኬን አውጥቼ አስካለ ጋ ደወልኩ፤ ፊቷ ብቅ አለ። «ስድስተኛው ማን ነበር?» አልኳት።

«ድልነሳሁ! ሀብቴ ድልነሳሁ! ነግሬህ ነበር እኮ፣ አንተ ከረዳቱ ጋር…»

አቶ ዘውዱ ዓይናቸውን ጨፍነው የራሳቸውን ወገን በልባቸው ቆጠሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየን። ዓይናቸውን ገለጡ።

«አይገናኝም» አሉ። «በሉ፣ ቁጭ በሉ።»

ቃሉ ሳያልቅ አቶ ብርሃኑ ወንበሩ ላይ ነበሩ። አስካለ ከደብረ ብርሃን እልልታዋን ስትለቀው ጎፈሬው ጭላዳ ብድግ ብሎ ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ጥርሱን በሙሉ አሳየን፤ ሴቶቹም ከየአቅጣጫው ተንጫጩ። የጎደለን ሦስተኛ ሽማግሌ ተገኘ አልኩ። አቶ ዘውዱ «ደንግጦ ነው፣ ሴትዮዋን ዝም ያሰኙልኝ፣ ከሥራ ታስባርረኛለች» ይላሉ፣ እሳቸውም እያለቀሱ ነው። ሶስና ደውላ ዳዊት ከጣቢያው በሩጫ መጣ። ብርድ ልብሱን አማቱ ትከሻ ላይ ደረብኩ፤ በነፋሱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ በቃ።

ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመስንም። አቶ ዘውዱ ከቦርሳቸው ምሳቸውን አውጥተው ለሁላችን ቆረሱ፤ ደቃቅ ቸኮሌት የተነሰነሰበት ዳቦ። በላሁት። ደግሞም ጠየቅኩ።

ቅዳሜ

ወደ አገሬ የተመለስኩት ብርድ ልብስ ሳልደርብ ነው፤ አስተናጋጇም ውሃ አላመጣችልኝም። አስካለ ቦሌ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሠርጉ ሮተርዳም ይሆናል፤ እሷም ፓስፖርቷን አውጥታ አዲስ ብርድ ልብስ ገዝታለች።

ከተመለስኩ በኋላ ባለው ሰሞን እኔና አስካለ በአንኮበር መንገድ ሄድንና ከአውቶቡሱ ወረድን። ሾፌሩ «እዚህ ምን አለ?» አለን። ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠን ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ ዋልን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ በአንድ፣ እናቶቹ ግልገሎቻቸውን አዝለው፣ በገደሉ አፋፍ ወደ ታች ወረዱ። አጎንብሼ አየሁ፤ የገደሉ እርከን ላይ ተጠጋግተው ተኝተዋል። ዛፍ የሚባል በአካባቢው የለም።

እዚያው ሆኜ ሶስና ጋ ደወልኩ። «ልጄ» አልኳት፣ «ገደል ላይ ነው የሚተኙት፤ በዓይኔ አየሁ። ያን ቀን ዛፍ ላይ ያልኩት ስህተት ነው።»

«ዛፍ ላይ?» አለችኝ። «አንተ መቼ እንደዚያ አልክ? እኔ የተረጎምኩት አንተ ያልከውን ነው።»